ከእናትና ከልጆች ጋር ባሌ ተራሮች፦ ስድስቱን ቀን እንዴት ላብቃቃው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በፈረንጆች ገና እረፍት ሁለት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ወንዱ 12፣ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን ጨምረን ባሌ መሄድ እንፈልጋለን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ያለን ስድስት ቀን ነው። የሳነቴን አምባ፣ የሐረናን ጫካና የሶፍ ዑመርን ዋሻ አይተን፣ በአርባ ምንጭና በሐዋሳ ዞረን ለመመለስ አስበናል። መኪናው የወንድሜ ኮሮላ ነው። ከፍታው እናቴን አይጎዳትም ወይ? ቀይ ቀበሮስ የምር እናያለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አርባ ምንጭን ከዕቅድሽ አውጪው። ካርታ ላይ ከባሌ ጋር ጎረቤት ይመስላል። መንገዱ ግን ወደ ሻሸመኔ ያወርድሽና በሶዶ በኩል ያዞርሻል። አንድ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ስድስት ቀን ባሌን ለብቻው በደንብ ለማየት ይበቃል። ሌላ ነገር ከተጨመረበት ግን ባሌም አይታይም፣ አርባ ምንጭም አይታይም። ሐዋሳን እንደ ማደሪያ አስቢው፤ እሱም አንድ ቀን መጨመር ከቻልሽ።

ባሌ የጠዋት አገር ነው። አጋዘኖቹ ሜዳ ላይ የሚወጡት ማለዳና ወደ ማታ ነው። ሳነቴ ላይ ሰማዩ ጥርት የሚለውም ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐረና ጫካ የሚነሳ ጉም ብዙ ጊዜ ተራራውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ "ስንት ቦታ እናያለን?" ብለሽ አትቁጠሪ። "ስንት ጠዋት አለን?" በይ። መንገድ ላይ ከሚያልፉት ሁለት ቀናት ውጪ አራት ጠዋት አላችሁ። አራቱንም ልጠቀምባቸው ነው።

ወደ ጭንቀትሽ እንምጣ። የጠየቅሽኝ ስለ እናትሽ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አንቺና ልጆችሽ ናችሁ። እናትሽ የሚኖሩት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰውነታቸው ቀጭን አየር ከለመደ ዕድሜ ልኩን ነው። እናንተ የምትመጡት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ አገር ነው። ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ሜሪላንድ ከለመዳችሁት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እማማ ደህና ሆነው የልጅ ልጆቻቸው ራሳቸውን ይዘው ቢቀመጡ አይግረምሽ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቦሌ ከደረሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ። ዘመድ መጠየቂያም ይሆናችኋል። ከዚያ ከፍታውን በደረጃ እንወጣዋለን፤ ቀን ቀን ከፍ ብለን፣ ማታ ማታ ዝቅ ብለን እናድራለን። ብዙ ሰው ባሌ ሲሄድ የመጀመሪያውን ሌሊት ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ያድራል። ቦታው ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱም አጥንት ይሰብራል። ለእናንተ ሮቤ ይሻላል። ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ሆቴሎቹ ሙቅ ውሃ አላቸው፣ ከዲንሾ የሚርቀውም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ልጆች "ከፍታ አሞኛል" አይሉም። ምግብ እምቢ ይላሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ያለ ወትሯቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። የራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ካለ በዚያ ቀን ወደ ላይ አይወጣም። ላይ እያላችሁ ከጀመረ ወዲያው ወደ ታች ነው፤ "ትንሽ እንይና" የሚባል ነገር የለም። ከሮቤ አጠገብ ባለችው ጎባ ከተማ ሪፈራል ሆስፒታል ስላለ ያ አያስጨንቅሽ። ለከፍታ የሚሰጥ ክኒን ከፈለግሽ እዚያው አሜሪካ ለልጆቹ ሐኪም ንገሪያቸው፤ እዚህ መጥተሽ ፋርማሲ አትዙሪ። ላይ ስትሆኑ መሮጥ የለም። ወንዱን ልጅሽን ከወዲሁ አስጠንቅቂው፤ ሳነቴን ያየ የ12 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው መሮጥ ነው።

ለእናትሽ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ፤ 4,000 ሜትር እንደሚወጡ ይንገሩት። በመድኃኒት የተስተካከለ ግፊት ላለው ሰው በመኪና ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ሐኪሙ ይበል። ሁለተኛ፣ "መንገድ ላይ ሽንት ያመላልሰኛል" ብለው የጉዞ ቀን ክኒናቸውን የሚዘሉ እናቶች አሉ። ውሃ መጠጣትም ያቆማሉ። ይህን አንቺው ተከታተይ። መንገዱ ላይ ማረፊያ አይጠፋም፣ ደጋግማችሁ ቁሙ።

ስለ ወቅቱ እድለኛ ነሽ። ከኅዳር እስከ የካቲት የባሌ ደረቅ ጊዜ ነው። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ሳሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። ልጆቹ የክረምት ጃኬታቸውን፣ ጓንትና ኮፍያቸውን ከአሜሪካ ይዘው ይምጡ። "አፍሪካ ነው የምንሄደው" ብለው በቁምጣ የሚመጡ አሉ። ለእናትሽ ከጋቢው ስር ወፍራም ሹራብና ድርብ ካልሲ። ፀሐዩም አይናቅ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ብርድ እየተሰማሽ ፊትሽ ይቃጠላል።

እንግዲህ መንገዱ። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ተነሱና በአዳማ የክፍያ መንገድ፣ ከዚያ በአሰላ በኩል ውጡ። በሻሸመኔ መሄድም ይቻላል፤ እኔ ግን ለመሄጃ አሰላን እመርጣለሁ። ታኅሣሥ አርሲ ላይ ስንዴ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ ጭላሎ ተራራ በአንድ ወገን፣ ኮምባይነሮቹ በሌላ ወገን። ለልጆቹ በቆጂ ላይ ቁሙላቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ነው የወጡት። ማለዳ ባትደርሱ እንኳ ሲሮጥ የሚታይ ወጣት አይጠፋም። ከበቆጂ በኋላ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ። እስከ ጎባ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ለዚህ ኮሮላው ይበቃል።

ዲንሾ ስትደርሱ የፓርኩን መግቢያ ክፈሉ፣ አስጎብኚም ያዙ። ያለ አስጎብኚ መግባት አይቻልም፤ ባይገደድም ያዢ ነበር የምልሽ። የአካባቢው ልጆች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ እያንዳንዱን ሸለቆ ያውቁታል። ደረሰኙን አትጣዪው፤ ሳነቴ መግቢያ ላይ ትጠየቂበታለሽ። የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ ስለሚለያይ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካለሽ ያዢው። ጽሕፈት ቤቱ ያለበት ጫካ ጽድና ኮሶ ነው። እዚያው በዛፎቹ መካከል የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም። ወንዱ ጠምዘዝ ያለ ረጅም ቀንድ አለው፣ ሴቷ የላትም። እናትሽ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም፤ ከመኪና ወርደው ጥቂት እርምጃ ነው። ከርከሮዎቹ ሰው ስለለመዱ ጠጋ ይላሉ። ልጆቹ ብስኩት እንዳይሰጧቸው።

ሁለተኛው ጠዋት የጋይሳይ ሜዳ ነው። ዲንሾ አጠገብ በዋናው አስፋልት ዳር ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ከሮቤ በጨለማ ተነስታችሁ ፀሐይ ስትወጣ ከደረሳችሁ አጋዘኑን በመንጋ ታገኙታላችሁ። የምኒልክ ድኩላም ጥጋጥጉ ላይ አይጠፋም። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ እናትሽም ቀስ እያሉ ይራመዱበታል። ከረፋዱ በኋላ ወደ ሮቤ ተመለሱና ተኙ። የምሬን ነው፣ ተኙ። ይህ ቀን ለሰውነታችሁ ነው።

ሦስተኛው ቀን የወይብ ሸለቆ። ይህን ቀን ብዙ አዲስ አበቤ ይዘለዋል፣ እኔ ደግሞ ከሳነቴ ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው። ከዲንሾ ወደ ውስጥ የሚገባው የአፈር መንገድ ስለሆነ ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪና ያስፈልጋል። ኮሮላው ሮቤ ይቆም። መንገድ ላይ ዳንቃ ወንዝን የሚያሻግር የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይ አለ። ቀጥሎ ሸለቆው ይከፈትና ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያው አካባቢ 3,400 ሜትር ከፍ ብሎ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ይመላለስበት እንደነበር አረጋግጠዋል፤ ግኝቱ በ2019 ሲወጣ የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር ለልጆችሽ ንገሪያቸው፦ የተጠበሰ ፍልፈል። ያንኑ ፍልፈል በማግሥቱ በሕይወት ያዩታል። የከፍታው ስሌትም እዚህ ላይ ይገባሻል። ሁለተኛው ቀን 3,000 ሜትር፣ ሦስተኛው 3,500 ገደማ፣ አራተኛው 4,000 ነው። እናትሽ ደከመኝ ካሉ ይህን ቀን ሮቤ ይረፉ፤ መንገዱ ያንገጫግጫል። ማታ ግን ሁላችሁም ወደ ጎባ ተዛወሩ፤ ለሳነቴ የሚቀርበው እሱ ነው።

አራተኛው ቀን ዋናው ነው። ከጎባ ማለዳ 12 ሰዓት ውጡ። ጠጠር መንገዱ በአስታ ቁጥቋጦ መሃል እየተጠማዘዘ ያወጣሽና ድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል። ከፊትሽ ሰፊ አምባ፣ ትናንሽ ሐይቆች፣ ሰው የሚያህል ጅብራ። በዚህም ላይ ኮሮላ አልመክርም። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ደረቅ ነው፣ አይሱዙም አውቶቡስም ወደ ዴሎ መና ያልፍበታል። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ተራ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ ቱሉ ዲምቱን መውጣት ለወንድምሽ መኪና ግፍ ነው። ለሦስተኛና ለአራተኛ ቀን ከነሹፌሩ አንድ ላንድክሩዘር ሮቤ ወይም ጎባ ተከራዪ፤ አስጎብኚው ያገናኝሻል። ዋጋውን ነዳጅ ጨምሮ ወይስ ሳይጨምር መሆኑን አስቀድመሽ ጨርሺ።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ ማንም "በእርግጥ" ሊልሽ አይችልም። ግን በዓለም ላይ እሱን ለማየት ከሳነቴ የተሻለ ቦታ የለም። በሙሉ ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ምክንያቱ ምግብ ነው። አምባው ከስር በፍልፈልና በአይጥ የተሞላ ነው። ባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ደግሞ ቀን ቀን ስለሚወጣ ቀበሮውም ቀን ቀን ያድናል። በሌሊት መጠበቅ የለብሽም። በቡድን ይኖራሉ፣ ለአደን ግን ብቻ ብቻቸውን ይወጣሉ። አንዳንዴ የከብት መንጋ ውስጥ ገብቶ በከብቶቹ ተከልሎ አይጥ ላይ ሲደርስ ይታያል። ልጆቹ መሬቱን እንዲያዩ ንገሪያቸው። ከጉድጓድ ብቅ የሚል ትልቅ ራስ ፍልፈሉ ነው። አጠገቡ ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች። ወፏ ከተደናገጠች ፍልፈሉም ይሰወራል፤ ያኔ ቀና ብላችሁ ዙሪያውን ቃኙ። ቀይ ፀጉር፣ ነጭ አንገት፣ ረጅም እግር፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጭራ። ባይኖኩላር ቢኖር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ፤ አለበለዚያ ፀብ ነው።

ከመኪና ወርዶ መከተል፣ ማፏጨት፣ ምግብ መወርወር የለም። ሹፌሩንም ቀስ በል በዪው፤ በዚህ መንገድ ላይ ቀይ ቀበሮ በመኪና ይገጫል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ ግልገሎች ሊኖሩ ይችላሉ። አስጎብኚው ወደ ጉድጓዳቸው አልወስድም ካለሽ አትጫኚው። የዘመድ ውሻም ይዛችሁ እንዳትመጡ። እነዚህን እንስሳት በብዛት የጨረሳቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ላይ እስከ ጫፉ አካባቢ በመኪና ይወጣል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ታች። በደቡብ በኩል አምባው ድንገት ይቆረጥና ከእግርሽ ስር ሐረና ጫካ ይዘረጋል። ቁልቁለቱ ላይ አስታው ዛፍ ይሆናል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የሽማግሌ ጺም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ከዚያ ቀርከሃ። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፣ ቀርከሃ በል ነው፣ እሱም የትም የማይገኝ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ምሳ ሪራ መንደር ነው። የምግብ ምርጫ አትጠብቁ፤ ማርና ቡና ግን ጠይቁ። ቀፎዎቹን ረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅለው ታዩዋቸዋላችሁ፤ ቡናው ደግሞ ከታችኛው ጫካ የሚመጣ የዱር ቡና ነው። ወደ ካቻ ዝቅ ካላችሁ ጉሬዛም አለ። ሪራ ላይ ለእናትሽም ትንፋሽ ይመለስላቸዋል፤ ከሳነቴ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። መመለሻው ግን በዚያው በሳነቴ ስለሆነ ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ። ጉም ከወረደ መንገዱ አይታይም።

አምስተኛውን ቀን ባዶ ተዪው። ሳነቴ አራተኛው ቀን ላይ ደመና ሆኖባችሁ ከነበረ ማለዳ እንደገና ውጡ። ሁሉንም በደንብ ካያችሁ ሶፍ ዑመር ሂዱ። ከሮቤ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ የዲንሾው ወይብ ወንዝ ቆላ ወርዶ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ ነው፤ እስካሁን የተለካው ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውስጡ ዓምዶች ያሉት አዳራሽ የመሰለ ቦታ አለ። በደረቅ ወቅት ወንዙ ዝቅ ስለሚል አሁን ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ያለ አካባቢው መሪና ያለ ጥሩ ባትሪ አይገባም። ቦታው ለሙስሊሙ ሕዝብ የተቀደሰ ነው፤ ነጠላሽን አትርሺ። ቆላ ስለሆነ ይሞቃል፣ ለእናትሽ ከሳነቴ ይልቅ ይህ ሊጥማቸው ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ።

ስድስተኛው ቀን መመለሻ ነው። በሻሸመኔ በኩል ውረዱ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በማለዳ መነሳት ግድ ነው። በየትኛውም ቀን በጨለማ በገጠር መንገድ አትንዱ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ስለ መንገዱ ሁኔታ አስጎብኚውን ደውለሽ ጠይቂ። የፌስቡክ ወሬ ሰምተሽ አትሂጂ፣ የፌስቡክ ወሬ ሰምተሽም አትቅሪ። እዚያ ያለ ሰው የሚልሽን ስሚ፤ "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካለሽ ይቅር።

የቀሩት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ነዳጅ ሮቤ ላይ ሙሉ፤ ከጎባ ወዲያ አትተማመኚ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዘሽ ከመጣሽ ቦሌ ላይ ይያዝብሻል። አዲስ አበባ–ሮቤ የአውሮፕላን በረራም አለ፤ እናትሽ መንገዱን ከፈሩ እሳቸው በአየር ሊደርሱባችሁ ይችላሉ፣ የበረራ ቀኖቹን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። በፈረንጆች ገና ሰሞን ጾመ ነቢያት ስለሆነ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ሆቴሉ ዘንድ ማታውኑ ንገሪ። ሮቤና ጎባ ሽሮና ምስር አይጠፋም። ዲንሾና ሪራ ላይ ግን ያለው ያለ ነው፤ ስለዚህ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይያዝ። በሶው ለልጆቹም ይሆናል፤ ከፍታ ላይ ምግብ እምቢ ያለ ልጅ በሶ በማር አይጠላም።

አስጎብኚውንና ላንድክሩዘሩን በኅዳር አጋማሽ ያዢያቸው። በዚያ ሰሞን የውጭ እንግዳም፣ ከአዲስ አበባ የሚሄደውም ስለሚበዛ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው ያልቃሉ።